ሁለት ወረቀት ለአንድ ኮሎኔል

በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነቀምቴ ውስጥ ስለ ጄት የማያውቅ ወንድ ጠፋ። ጄት ያየ ግን አንድም አልነበረም። ያዩት ሜዳችን ላይ የሚያርፈውን፣ መንገደኛና የፖስታ ከረጢት የሚያመላልሰውን አውሮፕላን ነው፤ እሱንም ከብቱ ከሜዳው ተባርሮ እስኪያልቅ ከላይ ሲዞር። ይህ ማንንም አላገደም። ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሁሉ፣ ያረጁትን የጦር ጄቶች ማደስ ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት በሚለው ነገር ላይ እንደ ዳኛ ይፈርድ ነበር።

ወሬው የተነሣው ጎረቤት አገር ከሩሲያ አዲስ ጄት አገኘች ከተባለ በኋላ ነው። ቀጥሎ አንድ ኮሎኔል በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞረ ስለ አየር ኃይላችን የሕዝቡን ስሜት እንዲሰማ ታዘዘ፣ ለእኛም ቀን ተቆርጦልናል ተባለ። የሕዝብ ስሜት የሚባለው ነገር እኛ ከተማ የሚሠራው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው። የሚሠሩትም ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛው ገዥያችን ፊታውራሪ በላይ ናቸው። ፊታውራሪ ከበላያቸው ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ ሳያውቁ ዝናብ መጣ እንኳ አይሉም። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ መሸሻ ናቸው፤ አጭር ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሦስተኛው ኦቦ ጆቴ ነው። ሦስት የጭነት መኪናዎች ነበሩት፣ ሦስቱም በሽቦ የታሰሩ። አንደኛዋ ወደ ዴዴሳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሏት ቡና እንደ ጫነች ተገለበጠች። ኦቦ ጆቴ ሾፌሩን፣ ያረጀ መኪና አያያዝ አታውቅም ብሎ ገና እግሩ በጀሶ እንደ ታሰረ አባረረው። ስለ ጄት ጥገና ሲነሣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ይህን ሰው ነበር፤ እሱም ሲያዩት ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እኔ ድርቤ ኩማ እባላለሁ። ባኬ ጃማ ሰፈር እኖራለሁ፣ ቅቤ እሸጣለሁ። ባሌ ገቢሳ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጅ አለኝ፤ ጉሉማ። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ወጣ ለአየር ኃይል ተመረጠና ደብረ ዘይት ገባ፤ የአውሮፕላን መካኒክ ሆነ። ደብዳቤ ይጽፍልኛል። በልጅነቱ እኔና እሱ በአማርኛ ተነጋግረን አናውቅም፤ ደብዳቤ ግን የሚጻፈው በአማርኛ ነውና በአማርኛ ይጽፋል።

በፊት የሚያነብልኝ ገበያ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ደብዳቤ ጻፊ ነበር። ጠዋት ጉሉማ ጉንፋን እንደ ያዘው ካነበበልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ቅቤ የሚገዙኝ ሴቶች ማር በዝንጅብል ላኪለት ይሉኛል። አንድ ጊዜ ልጄ ስለ አንዲት የቢሾፍቱ ልጅ ጻፈልኝ፤ ልጅቷን እኔ ሳላውቃት ገበያው ሙሉ ጠላት። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ለጎልማሶች በከፈተው ትምህርት ተመዘገብኩ። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። መምህራችን ሞረዳ የጉሉማ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ሲያስተምረኝ እናቱን እንደሚጠራ አዴ ድርቤ እያለ ያፍራል፤ ስሳሳት ጭራሽ የተሳሳተው እሱ ይመስል ይሽኮረመማል። ሁለት ዓመት ተማርኩ። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ የልጄን ደብዳቤ ብቻዬን፣ በሬን ዘግቼ ማንበብ ቻልኩ።

ሚያዝያ ላይ የመጣውን ያነበብኩትም እንዲያ ነው። በፖስታ አልመጣም፣ ጓደኛው በእጁ አድርሶልኝ ምሳ እንኳ ሳይበላ ሄደ።

«ሃርሜ፣ አትደንግጪ» ይላል፤ በቋንቋችን እናቴ ማለቱ ነው። «አንድ ጄት አለ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም። ክንፉ ከአካሉ የሚጋጠምበት ላይ ስንጥቅ አገኘሁ። ፀጉር ነው የሚያህለው። የሚለወጥ ዕቃ የለም፤ ከሌላው ፈትተን እንግጠም ብንል ያም ተሰንጥቋል። ከበረራ በፊት መዝገቡ ላይ ለበረራ ብቁ ነው ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። አልፈርምም አልኩ። ትእዛዝ እምቢ ብለሃል ተብዬ በዘብ እየተጠበቅሁ ነው። ጉዳዬን የያዘው መኮንን እንደ ነገረኝ፣ ጄቶቹ ገና ደህና ናቸው ከተባለ እኔ አድመኛ ነኝ፤ አርጅተዋል ከተባለ ትክክል ነኝ። ይህን የሚሉት ግን የበላዮች ናቸው። ለማንም አትንገሪ።»

ለማንም አልነገርኩም። የታሰረ ወታደር እናት ቅቤዋ እንደሚያድርባት አውቃለሁ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሌላ ነው። ጠጅ ቤት ውስጥ አፋቸውን እየጠረጉ የሚከራከሩበት ነገር የልጄ አንገት ላይ የታሰረ ገመድ ሆኖ አገኘሁት። «ይታደስ» ባሉ ቁጥር ገመዱ ይጠብቃል፣ «ይገዛ» ባሉ ቁጥር ይላላል። በገበያ ቀን በኦቦ ጆቴ ሱቅ በር ሳልፍ እርምጃዬን አቀዘቅዝና ዛሬ የትኛውን እንደሚል አዳምጥ ነበር። ለእንደዚህ ያለ ሰው አፍ ልቤ መምታቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ኮሎኔሉ ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው አቶ መሸሻ ትምህርት ክፍላችን ድረስ መጡ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አዩና፣ ልጇ አየር ኃይል ያለው ሴት የትኛዋ ናት አሉ። አጠገቤ የምትቀመጠው በቀለች በክርኗ ገፋችኝ። አቶ መሸሻ በጣም ደስ አላቸው። በስተርጅና ፊደል የቆጠረች የወታደር እናት፣ በሕዝብ ፊት፣ ከወረቀት ላይ ስታነብ! ኮሎኔሉ ይህን አይተው ካልረኩ በምን ይረካሉ አሉ። ወዲያውም ከቦርሳቸው ሁለት ወረቀት አወጡ።

ቤቴ ወስጄ አነበብኳቸው። የመጀመሪያው ገጽ በሁለቱም አንድ ነው፣ ምስጋናና የማዕረግ ስም ብቻ። ገጹ ሲገለበጥ ነው የሚለያዩት። አንደኛው፣ «እኔ ድርቤ ኩማ፣ ልጄ በየደብዳቤው እንደሚጽፍልኝ፣ ነባሮቹ ጄቶች አርጅተዋልና የወለጋ ሕዝብ አዲስ እንዲገዛ ይለምናል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «እኔ ድርቤ ኩማ፣ ልጄ በየደብዳቤው እንደሚጽፍልኝ፣ ነባሮቹ ጄቶች ሲታደሱ ከአዲስ አይተናነሱም፤ በእነርሱ የሚያማርር ባለሙያ ቢኖር ሰነፍ ነው» ይላል።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ልጄ የጻፈልኝን ከየት አወቁት ብዬ በትሕትና ጠየቅኋቸው።

«የመንግሥት ልጅ የመንግሥትን ነው የሚጽፈው፣ እትዬ ድርቤ» አሉኝ። «አንቺ ሁለቱንም አጥኚ።»

«የትኛው ነው እውነቱ?»

«እሱን ኮሎኔሉ ይዘውት ይመጣሉ።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም፣ አላፈሩምም። ሰው ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ብሎ ጃንጥላም ባርኔጣም እንደሚይዝ ነው የነገሩኝ። ኮሎኔሉ የትኛውን እንደሚወድዱ ከአነጋገራቸው ከታወቀ በኋላ አንደኛው ወረቀት ይሰጠኛል፤ ሌላው ምድጃ ውስጥ ይገባል።

ሳምንቱን ሙሉ አጠናሁ። «አርጅተዋል» የሚለውን ሳነብ ድምፄ ይወጣል። ሌላውን ግን ለልምምድ እንኳ አፌ አልያዘውም፤ በዓይኔ ብቻ ነበር የማልፈው። ኮሎኔሉ የሚወድዱት የመጀመሪያውን እንዲሆን ጸለይኩ። ወለጋ እንዲህ ካለ፣ ጎጃምም ሲዳሞም እንዲህ ካሉ፣ ያ መኮንን የልጄን መዝገብ ይዘጋል አልኩ። ይህን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

የቀጠሮው ቀን ሁለቱንም ወረቀት ለአቶ መሸሻ መለስኩላቸው፤ ከተማው ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆመ። የሦስት ቀን ዝናብ መንገዱን አቡክቶታል። ኮሎኔሉ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሎ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። የመጡበትን ሲያዩ ፊታውራሪ አፋቸውን ከፈቱ። አንድ በሩ በገመድ የታሰረ፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ፣ ጢሱ ከኋላው የቀረውን ሕዝብ የጋረደ አሮጌ ላንድሮቨር ነው።

ኋላ እንደ ሰማሁት፣ የኮሎኔሉ አዲስ መኪና ሲሬ አጠገብ ጭቃ ውጦት ቀርቷል፣ ላንድሮቨሩን የለመኑት ከመንገድ ሠራተኞች ነው። ይህን ለማወቅ ሾፌሩን አንድ ቃል መጠየቅ ይበቃ ነበር። ነገር ግን የእኛ ትልልቅ ሰዎች አይጠይቁም፣ ይተረጉማሉ። ኮሎኔሉ እግራቸውን ሲታጠቡ ሦስቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ቆመው ተማከሩ፤ እኔ ወረቀቴን እየጠበቅሁ አጠገባቸው ነበርኩ። ፊታውራሪ፣ ባለሥልጣን እንዲህ ባለ መኪና የሚመጣ ለትምህርት ነው አሉ፤ ለሕዝብ ቁጠባን ማሳየታቸው ነው። አቶ መሸሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ጆቴማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በሕይወቱ ሙሉ የእሱን መኪናዎች የመሰለ ነገር ላይ ኮከብ ያለው መኮንን ተቀምጦ አይቶ አያውቅም።

«እኔ አላልኳችሁም?» አለ። «ነፍስ ካለው ይሠራል።»

አቶ መሸሻ «አርጅተዋል» የሚለውን ወረቀት አራት ቦታ ቀደዱና ኪሳቸው ከተቱት። ሌላውን እጄ ላይ አኖሩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኮሎኔሉ ቀጭን፣ የደከማቸው ሰው ናቸው፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ፊታውራሪ ንግግር አደረጉ፤ በንግግራቸው ውስጥ ማደስ የሚለውን ቃል እስኪሰለች አነሡት፤ ባነሡት ቁጥር ኮሎኔሉን ያያሉ። ኮሎኔሉ ሰዓታቸውን ያያሉ። ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ።

የመጀመሪያውን ገጽ ሳልሰናከል አነበብኩ። መምህር ሞረዳ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹን ሲይዝና ሲለቅ ይሰማኛል። ገጹን ገለበጥኩ። «እኔ ድርቤ ኩማ» ብዬ ቆምኩ።

አዳራሹ ጠበቀ። ሞረዳ ቃሉ የጠፋብኝ መስሎት ቀስ ብሎ «ልጄ» አለኝ። «ልጄ በየደብዳቤው» አለኝ ደግሞ። ከፊት ወንበር ላይ ሳቅ ተሰማ።

«ፊደሉ አለቀባት» አለ ኦቦ ጆቴ፣ ለጎረቤቱ የነገረ መስሎ ለአዳራሹ። «አዴ ድርቤ፣ ቅቤ ብሎ ቢጽፍልሽ ታነቢው ነበር።»

ሳቁ ሰፋ። ኮሎኔሉም ፈገግ አሉ፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም፣ ሕፃን ሲወድቅ የሚታየው ዓይነት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ነው የተማርኩት? እነርሱ እንዳላነበብኩት አስበው ይስቃሉ፤ እኔ ደግሞ አንብቤው ነው የቆምኩት።

«ማንበብ አላቃተኝም» አልኩ። «የሚለውን አውቀዋለሁ። አልለውም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሳቁ ቆመ። ፊታውራሪ ወደ አቶ መሸሻ ዞሩ፣ ዓይናቸው ብቻ ነው የተናገረው። አቶ መሸሻ ተነሡ፣ እናትየዋ በክቡር ኮሎኔል ፊት መቆሟ አስደንግጧት ነውና እኔ ስለ እርሷ ላንብብ አሉ። ወረቀቱን አነሡ። በዚያ በበርሜል ድምፃቸው፣ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እኔ ድርቤ ኩማ፣ ልጄ በየደብዳቤው እንደሚጽፍልኝ» እያሉ ማንበብ ጀመሩ። ከሦስት መቶ ሰው አንድም አልሳቀም። ቅድም እኔ ዝም ስል የሳቀው ሕዝብ፣ ባለ ጢም ሰው እናት ነኝ ሲል ጸጥ ብሎ አዳመጠ። «የሚያማርር ባለሙያ ቢኖር ሰነፍ ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ አጨበጨበ።

ኮሎኔሉ ደብተራቸውን አውጥተው መጻፍ ጀመሩ። የጻፉት ያንን ይመስለኝ ነበር፤ እኔ እናቱ ልጄን ሰነፍ ማለቴን። እግሬ ወደ ፊት ሄደ። ጠረጴዛው ዘንድ ስደርስ አንድ ፖሊስ ክንዴን ያዘኝ፤ ኮሎኔሉ ግን ተዋት አሉት።

«ጌታዬ፣ ልጄ እንዲህ ብሎ አልጻፈልኝም» አልኩ። «ክንፉ የተሰነጠቀ ጄት ደህና ነው ብለህ ፈርም አሉት። አልፈርምም ብሎ ታስሯል። ይህን ወረቀት ከወሰዱት ውሸታም ያደረግሁት እኔ እናቱ ነኝ።»

ከኋላዬ ወንበሮች ሲንቋቁ ሰማሁ፤ ሰው የሚርቅበት ድምፅ ነው። በቀለች እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም። ፊታውራሪ ስለዚህ ነገር ምንም እንደማያውቁ ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ኮሎኔሉ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«እናቴ፣ የጄቱ ነገር እኮ ከወር በፊት አልቋል። ጥቂት አዲስ ይገዛል፣ አሮጌዎቹም ይታደሳሉ። እኔ የመጣሁት ሕዝቡ ደስ እንዳለው ለመጻፍ ነው።»

«ልጄስ?»

መልሰው ብዕሩን አነሡ። «ስሙ ማን ነው?»

ነገርኳቸው፤ ጉሉማ ገቢሳ። ጻፉት። ለደግ ይሁን ለክፉ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ነግሬ፣ ስሙን በኮሎኔል ደብተር አስጻፍኩ። ኮሎኔሉ በዚያው ላንድሮቨር ሄዱ። ሲሬ ላይ መኪናቸው ከጭቃ ወጥቶ ይጠብቃቸው እንደ ነበር የሰማነው በማግስቱ ነው። ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ አቶ መሸሻን ቢሮ ጠርተው፣ ያንን የቀደድከውን ወረቀት ገጣጥመህ ላክ አሏቸው ይባላል። አላውቅም፤ ግን ከሁለቱም አያስገርመኝም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ቅቤዬ እንደ ፈራሁት አደረ። ፊታውራሪ በመንገድ ሲያገኙኝ የቤቶቹን ጣሪያ እያዩ ያልፋሉ። ኦቦ ጆቴ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ፣ ሰነፍ ልጅ አሳድጋ በመንግሥት ታሳብባለች ይላል። መምህር ሞረዳ ብቻ ሁለት ኪሎ ገዛኝ፤ ቅቤ እንደማይበላ አውቃለሁ። ለጉሉማ በእጄ ደብዳቤ ጻፍኩለት። ያደረግሁትን ሳልደብቅ ነገርኩት። መልስ አልመጣም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ራሱ መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ የደንብ ልብስ አልለበሰም፣ ከስቷል፣ ከአንድ ሻንጣ በቀር የያዘው የለም። ከእስር ተፈትቷል፤ ከአየር ኃይልም ተባርሯል። ትክክል ነበርክ አላሉትም፤ አድመኛ ነህም አላሉትም። አታስፈልግም ነው ያሉት። ኮሎኔሉ አስፈትተውት ይሁን አስባርረውት አያውቅም፤ ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ ሳያደርጉ አይቀሩም አለኝ።

እራት አቀረብኩለት። መቆየት አልቻልኩም፤ ያ ጄትስ አልኩት።

«ሌላ ሰው ፈረመ።»

«በረረ?»

«በረረ።»

«ተመለሰ?»

«እስከ ወጣሁበት ቀን ድረስ ተመልሷል» አለ።

ይህንን ከተማው በሦስት ቀን ውስጥ ሰማ፤ ከእኔ አይደለም። ኦቦ ጆቴ አንድ ቅዳሜ ከሱቁ በር ላይ ተነሥቶ፣ አየሽ አዴ ድርቤ፣ ሲበር አይደል ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይበራል። የዚህን ሰውዬ አፍ የሚዘጋው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄም ያስጠላኛል። ራዲዮ ያለው ሻይ ቤት በር ላይ፣ በዜና ሰዓት፣ ቅርጫቴን አውርጄ ጆሮዬን ሰጥቼ ስቆም ራሴን አገኘሁት። የወደቀ ጄት ይኖር እንደሆነ ነበር የማዳምጠው። ጠጅ ቤት ከሚፈርዱት ጋር አንድ ሆኜ አረፍኩ፤ እኔም የሰው ልጅ በአየር ላይ ተቀምጦ ሳለ የኔ ነገር እንዲያሸንፍ እጠብቃለሁ።

ቤት ገብቼ ለጉሉማ ነገርኩት። ምሽት ላይ ጸሎት ሳደርግ ምን እንደምል እንደ ጠፋብኝም ነገርኩት። የበሩን ማጠፊያ ያበጅ ነበር፤ መፍቻውን አስቀመጠ።

«እንዲመለስ ጸልዪ፣ ሃርሜ። የሚያበረውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ የጊንቢ ልጅ ነው። እናቱ አለች።»

«ከተመለሰ ግን ሁልጊዜ ውሸታም ነው ይሉሃል። ጆቴም ይልሃል።»

«ይበሉኝ» አለና ወደ ማጠፊያው ዞረ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ለጊንቢ ልጅ እጸልያለሁ። በሙሉ ልቤ ነው ብል ግን እዋሻለሁ።